«ይወገድ» የተባሉት፦ የአሥራ አንድ ቅዳሜ ማስታወሻ

ከመጀመሪያው ቅዳሜ በፊት

ከኮሌጅ ከወጣሁ 14 ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ለተማርኩበት ትምህርት ክፍል ያደረግሁለት ነገር ቢኖር የምረቃ ፎቶዬን ሳሎን መስቀል ብቻ ነው። ባለፈው ወር ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ስልክ አነሳሁና ደወልኩ። ለተማሪዎቹ አንድ ንግግር ላደርግ አስቤ ነበር። «ከኮሌጅ በኋላ ሕይወት ምን ይመስላል» የሚል ነገር። ስላይዱን ሁሉ ጨርሼዋለሁ፤ 32 ገጽ።

ስልኩን ያነሱት የኤሌክትሮኒክስ ላቡ ቴክኒሻን ናቸው። እኔ ስማርም እሳቸው ነበሩ። ያኔም ጋሼ ነበር የምንላቸው፣ አሁንም ጋሼ። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝና «ንግግር እንኳ አላጣንም» አሉኝ። «ዘንድሮ ብቻ አራት ሰው መጥቶ ተናግሮልናል። አንተ ካውያ መያዝ ታውቅ አልነበር?»

አውቅ ነበር። የብየዳ ካውያ ከያዝኩ ግን ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። አሁን የምሠራው ቢሮ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰንጠረዥ ስሞላ እውላለሁ። ይህን አልነገርኳቸውም።

ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት ለራሴ ነው፣ ምን እንደሠራሁ እንዳልረሳ። ሌላም ሰው ወደ ተማረበት ተመልሶ አንድ ነገር ልሥራ ቢል፣ ቢያንስ እኔ የተሳሳትኩትን እንዳይደግም ይጠቅመው ይሆናል።

ቅዳሜ 1፦ ቆጠራ

ከላቡ ጀርባ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል አለች። እኛ ስንማር ወንበር ነበር የሚከማችባት። አሁን እስከ ጣሪያ ድረስ በተበላሸ ዕቃ ሞልታለች። ቆጠርን፦ 14 ፓወር ሰፕላይ (የተፈለገውን ቮልቴጅ የሚሰጥ)፣ 9 ኦስሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ)፣ 22 ቴስተር (ቮልቴጅና ከረንት መለኪያ)፣ 3 ፈንክሽን ጄኔሬተር (ለሙከራ ሞገድ የሚያወጣ)። በድምሩ 48። ግማሹ ላይ «ይወገድ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፣ ቀሪው ላይ «ብልሽት»። ምኑ እንደተበላሸ ግን አንዱም ላይ አልተጻፈም።

ላቡ ውስጥ በአንድ ኦስሲሎስኮፕ ስምንት ተማሪ ነው የሚሠራው። አንዱ ይነካል፣ ሰባቱ ያያሉ። ኋላ የቆሙት እንደውም አያዩም።

ካቻቢቴ ይዤ ስለመጣሁ የመጀመሪያውን ልፈታ ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ። ዕቃው ሁሉ በስማቸው የተመዘገበ ንብረት ነው። ብሎን ብትጠፋ ተጠያቂው እሳቸው ናቸው። ለመክፈት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደብዳቤ፣ ከዚያ የንብረት ክፍሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። ውስጤ ተቃጠለ። ነፃ ልሥራ ብዬ መጥቼ ደብዳቤ? ማታ ላይ ግን ሳስበው፣ ነገ ትቼ ብሄድ ከተፈታ ዕቃ ጋር የሚቀሩት እሳቸው ናቸው። እኔ እንግዳ ነኝ። ደብዳቤውን ራሴ ጻፍኩት፤ ምን እንደምከፍት፣ ማን እንዳለ፣ ያልተሳካው ዕቃ ምን እንደሚሆን ዘርዝሬ። ፈቃዱ ለመድረስ ሁለት ሳምንት ፈጀ።

ቅዳሜ 2፦ ሳይከፈቱ የዳኑት

መክፈት ካልተፈቀደ ማብራት አይከለከልም። ግን ለዓመታት የተኛ ዕቃ ዝም ብሎ ግድግዳ ላይ አይሰካም። መጀመሪያ የሠራነው የአምፖል ሳጥን ነው። የድሮውን ዓይነት፣ ክር ያለውን 60 ዋት አምፖል ከዕቃው ጋር በተከታታይ ታገናኘዋለህ። ዕቃው ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራና ጉልበቱን ራሱ ይይዘዋል፤ ዕቃው አይቃጠልም። ጤነኛ ከሆነ ብልጭ ይልና ይደበዝዛል። ክሩ ሲቀዘቅዝ መቋቋሙ ትንሽ፣ ሲግል ብዙ ስለሆነ ነው። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም።

ዘጠኙን ኦስሲሎስኮፕ አንድ በአንድ አበራናቸው። አራቱ ምንም አልነበራቸውም! አንዱ የብርሃን መስመሩ በቦታ ማስተካከያው ቁልፍ ከስክሪኑ ውጪ ተገፍቶ ነው። ሁለቱ ትሪገራቸው (ሞገዱን መሳል የሚያስጀምረው) «ውጫዊ» ላይ ተደርጎ፣ የማይመጣ ሲግናል ሲጠብቁ ኖረዋል። አራተኛው ብሩህነቱ ዜሮ ላይ ነው። በቃ። እነዚህ ዕቃዎች «ይወገድ» ተብለው ለዓመታት አቧራ ጠጥተዋል።

ጋሼ ዝም አሉ። ቆይተው «ሰባት ላብ ለአንድ ሰው ነው» አሉ። እኔም ዝም አልኩ። አንድ ሰው ሰባት ላብ እየተሯሯጠ፣ አልሠራ ያለውን ወደ ጀርባ ክፍል ከመወርወር ሌላ ምን ያድርግ?

ሌላ ያየነው፦ ፕሮቦቹ (የኦስሲሎስኮፑ የመለኪያ ገመዶች) በሙሉ ማስተካከያቸው ተዛብቷል። ኦስሲሎስኮፕ ፊት ላይ ትንሽ የሙከራ መንጠቆ አለች፤ አብዛኛውን ጊዜ 1 ኪሎኸርዝ ስኩዌር ዌቭ ታወጣለች። ፕሮቡን እዚያ አስነክተህ፣ ፕሮቡ ላይ ያለችውን ሚጢጢ ብሎን እያዞርክ የሞገዱ ጥግ ቀጥ እስኪል ታስተካክላለህ። ጥጉ ከዞረ ወይም ቀንድ ካወጣ የምታየው ሞገድ ውሸት ነው ማለት ነው። እኔ ራሴ አራት ዓመት ስማር ያቺን ብሎን ነክቻት አላውቅም። ስንት ሪፖርት ላይ የሌለ ስሕተት ስንፈልግ አድረን ይሆን?

ቅዳሜ 3፦ ፊውዝ

ፈቃዱ ደረሰ። ተማሪዎችም መጡ፤ አራት። ሦስተኛ ዓመት ናቸው። አንደኛዋ ደብተር ይዛ መጥታ ሳትጠየቅ መመዝገብ ጀመረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝጋቢያችን እሷ ናት።

ሲገቡ «ጋሼ» ብለው ጠሩ። ቀና ያልኩት ጋሼን ልፈልግ ነው። ለካ እኔን ነው! ሰው በአንድ ቃል እንዲህ ያረጃል? ኋላ ላይ እንዳንደናገር እሳቸውን «ትልቁ ጋሼ»፣ እኔን «አዲሱ ጋሼ» አሉን። አዲሱ የሚለውን ወድጄዋለሁ።

የዛሬው ሥራ ቴስተር ነበር። ከ22ቱ 17ቱ የፈለጉት ፊውዝ ብቻ ነው። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ተማሪ ከረንት ይለካና ቀዩን ገመድ ከከረንት ቀዳዳ ሳይነቅል ወደ ቮልቴጅ ይሄዳል። የከረንቱ ቀዳዳ በውስጡ መቋቋም የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የምትለካውን ነገር ሾርት አደረግኸው። ፊውዙ ይሞታል። ሞቶ አንተን ያድናል።

አሥራ ስምንተኛውን ስንከፍት ግን ፊውዙ ቦታ ላይ የተጠቀለለ አልሙኒየም ፎይል አገኘን። የቸኮለ ሰው ያደረገው ነው። ይሠራል፣ ቁጥርም ያሳያል። አንድ ቀን አንድ ልጅ በተሳሳተ ቀዳዳ ከግድግዳ መብራት ጋር ቢያገናኘው ግን ፎይሉ እንደ ፊውዝ ቶሎ አይቆርጥም፤ እጁ ላይ ሊፈነዳበት ይችላል። ፎይሉን መዝጋቢያችን ደብተሯ ላይ በፕላስተር ለጠፈችው። ከሥሩም «ይህ ፊውዝ አይደለም» ብላ ጻፈች።

የፊውዙ ዓይነትም ልዩነት አለው። ደህና ቴስተር ውስጥ የሚገባው አሸዋ የተሞላ የሴራሚክ ፊውዝ ነው፤ በብርጭቆው አይተካም። ፊውዙ ሲቆረጥ የሚነሣውን እሳት አሸዋው ያፍነዋል።

ማታ ለባቹ የቴሌግራም ግሩፕ ፎቶ ላክሁ። 140 ሰው ያለበት ግሩፕ ነው። 63 ጭብጨባ መጣ። «ኮራንብህ»፣ «እኛም አለን»፣ «ቀጣይ ቅዳሜ አብረን ነን»።

ቅዳሜ 4፦ ቁጥሩን ጮክ ብለህ ተናገር

ከ63ቱ ሁለት ሰው መጣ። አላማርርም፤ ሁለት ሰው ብዙ ነው። እኔስ 14 ዓመት የት ነበርኩ?

ፓወር ሰፕላይ መክፈት ጀመርን። ከመክፈታችን በፊት አንድ ሕግ አወጣሁ። ዕቃው ከስፒናው ተነቅሎም ቢሆን፣ ካፓሲተሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ተለክቶ፣ የለካው ሰው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሳይናገር ማንም እጁን አያስገባም። እኔም ብሆን። ካፓሲተር መብራት ቢጠፋም የያዘውን ይዞ ይቆያል። በ220 ቮልት በሚሠራ ስዊቺንግ ሰፕላይ ውስጥ ዋናው ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል። ማፍሰሻው ሬዚስተር ከተበጠሰ ደግሞ ለረጅም ጊዜ። በካቻቢቴ ሾርት አድርገው የሚያፈስሱ ጀግኖች አሉ፤ እኛ ግን በሬዚስተር ነው ቀስ አድርገን የምናፈስሰው።

መጀመሪያ ላይ ይስቁ ነበር። «ዜሮ ነጥብ ሦስት!» እያሉ እንደ ገበያ ጥሪ ይጮኹታል። ይሳቁ። ዋናው መናገራቸው ነው።

የሰፕላዮቹ ዋነኛ በሽታ እርጅና ነው። ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ውስጡ ፈሳሽ አለ፤ በሙቀት ይደርቃል። ሽፋኑ ላይ «105 ዲግሪ፣ 2,000 ሰዓት» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ታያለህ። በባለሙያዎች ልማዳዊ ስሌት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው እጥፍ ይሆናል። የማቀዝቀዣ ቀዳዳው በአቧራ ሲደፈን ስሌቱ በተቃራኒው ይሠራል። የዛሬዎቹ ጭንቅላታቸው አብጦ ነበር፤ መሣሪያም አላስፈለገን፣ በዓይን ይታያሉ። ግን ያላበጠ ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ሦስት ሰፕላይ በዚህ ብቻ ተነሡ።

ቅዳሜ 5፦ ጭሱ

የዛሬውን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

አንደኛው ሰፕላይ ፓወር ትራንዚስተሩ ሞቷል። 2ኤን3055 ነው፤ ያ የድሮው፣ ሁለት ጆሮ ያለው ብረት። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ እስካሁንም ይገኛል። ቴስተሩን ዳዮድ ላይ አድርገህ ስትለካ ጤነኛው ወደ 0.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። የኛው በሁሉም አቅጣጫ ዜሮ። ስድስት ተማሪ ከቦኝ ቆሟል። እኔም ሞቅ ብሎኛል፤ እያወራሁ ነው የምሠራው። አሮጌውን ነቀልኩ፣ አዲሱን ገጠምኩ፣ ብሎኑን አጠበቅኩ። «አሁን እዩት» ብዬ አበራሁት።

ጭስ።

የዚህ ትራንዚስተር የብረት አካሉ ራሱ ኮሌክተሩ (ከሦስቱ የኤሌክትሪክ ጫፎቹ አንዱ) ነው። ስለዚህ ከማቀዝቀዣው ብረት ጋር ሲታሰር በመሀል ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ የማይካ ወረቀት ይገባል። አሮጌውን ስነቅል ማይካው ተጣብቆበት ወጥቷል። እኔ ወሬ ላይ ነኝ። ሳላስገባ አሰርኩት። የአምፖል ሳጥኑንም «ጠግኜዋለሁ እኮ» ብዬ ዘልዬዋለሁ። አምፖሉ ቢኖር ኖሮ ቦግ ብሎ ይነግረኝ ነበር።

አንገቴን ደፋሁ። ትልቁ ጋሼ መስኮት ከፈቱና «እንግዲህ አሁን ገና አስተማርካቸው» አሉኝ። የምር ይሁን የቀልድ እስካሁን አልገባኝም። መዝጋቢያችን ግን «ማይካ ተረስቶ፤ አምፖል ተዘልሎ፤ አዲሱ ጋሼ» ብላ ጽፋዋለች። ሰዓቱ ሳይቀር።

የሚገርመው፣ እስከዚያ ቀን ጥያቄ የማይጠይቁት ሁለቱ ልጆች ከጭሱ በኋላ ጠየቁ። አንደኛው «እኔ ባቃጥለው ኖሮ አልመለስም ነበር» አለኝ።

ቅዳሜ 6

አልሄድኩም። ቢሮ ሥራ በዛብኝ። ሳልደውልም ቀረሁ።

ቅዳሜ 7፦ የተዘጋው በር

ባለፈው ቅዳሜ ስድስት ተማሪ ላቡ በር ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ጠብቀውኛል። ትልቁ ጋሼም ከቤታቸው መጥተው ነበር፤ የቅዳሜ ትርፍ ሰዓት የሚከፍላቸው የለም። ማንም አልወቀሰኝም። ይኼ ነው የባሰው። ዛሬ ከስድስቱ አራቱ ብቻ መጡ።

እኔ የበጎ ፈቃድ ሥራ በራሴ ፈቃድ የምሰጠው ስለሆነ፣ ስቀርም መብቴ መስሎኝ ነበር። ለእነሱ ግን ቅዳሜያቸው ነው። ከልጆቹ አንዱ ቅዳሜ የሚሠራትን ሥራ ትቶ መጥቷል፤ የሰማሁት ዛሬ ነው። ሙሉ ቅዳሜ መስጠት ካልቻልኩ በየሁለት ሳምንቱ ብዬ መነሣት ነበረብኝ። ትንሽ ቃል ገብቶ መድረስ ትልቅ ቃል ገብቶ ከመቅረት ይሻላል። ከዛሬ ጀምሮ ፕሮግራሙ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሆነ። ከቀረሁም ቁልፉ ትልቁ ጋሼ ዘንድ ነው፣ ከሁለቱ ባቾቼ አንዱ ይተካኛል።

ሥራው፦ ብየዳ። ልጆቹ ካውያውን እንደ እስክሪብቶ ሊድ (የሚቀልጠው የብየዳ ሽቦ) ላይ ይቀባሉ። ሊዱ ካውያው ላይ ቀልጦ ቦርዱ ላይ ሲንጠባጠብ የተበየደ ይመስላል፤ ግን አልያዘም። መጀመሪያ የሚሞቀው ቦርዱና የዕቃው እግር ነው፣ ሊዱ ከዚያ ወደ ሞቀው ቦታ ይሰጣል። 63 እጅ ቆርቆሮና 37 እጅ እርሳስ ያለው ሊድ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ካውያው ግን 350 አካባቢ ቢሆን ሥራው ቶሎ አልቆ ዕቃው አይበስልም። ደህና የያዘው ያብረቀርቃል፣ እንደ ድንኳን ተዳፋት አለው። ኳስ የመሰለው ቀዝቃዛ ብየዳ ነው። እርሳስ ስላለው ከሥራ በኋላ እጅ መታጠብ ግድ ነው።

የእኔም እጅ ዝጓል፤ የመጀመሪያዎቹ አሥሩ ኳስ ናቸው። አልደበቅኩም፣ ከእነሱ ጋር አብሬ አፈረስኩ።

ቅዳሜ 8፦ ስጦታ አልቀበልም ማለት

አንድ የቀድሞ ተመራቂ ደወለልኝ። ድርጅቱ ሊያስወግዳቸው የነበሩ 30 ኮምፒውተሮች አሉ፣ ለላቡ ላምጣ አለ። በሩ ላይ ደግሞ ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ ቢሰቀል። ፎቶ ላከ። ግማሾቹ ሃርድ ዲስክ የላቸውም፣ ከቀሪዎቹም አብዛኞቹ ከፍቶ መዝጋትም የሚከብዳቸው ናቸው። አመሰግናለሁ፣ ግን የሚሠሩትን ስድስቱን ብቻ አምጣ አልኩት። ተቀየመኝ። የጀርባዋ ክፍል እንዴት እንደሞላች ላስረዳው ሞከርኩ፤ ለእሱ ማስወገጃ የሆነው ለትልቁ ጋሼ ንብረት ሆኖ ይመዘገባል፣ ለማስወገድም ደብዳቤ ይፈልጋል። ሰሌዳውን በተመለከተ መወሰን የእኔ ሥራ አይደለም፣ ወደ ኃላፊው ላክሁት።

በሌላ በኩል ከሌላ አህጉር ያለች አንዲት የባቻችን ልጅ ምንም ዕቃ ሳትልክ ብዙ ረዳችን። የኦስሲሎስኮፖቹን የጥገና መመሪያ ከነ ሥዕላዊ ንድፋቸው ፈልጋ ላከች፤ ያለ እሱ አንዱንም አንነካም ነበር። ለተመራቂ ተማሪዎችም ሲቪ ታርማለች፣ በሳምንት ሦስት። ሦስት ብላ ሦስት ነው፤ አንድም ሳምንት አልዘለለችም። ቀናሁባት።

አንድ ወዳጄ «እንዲህ ዓይነቱ የባለሀብት ኮሌጅ ነገር ነው» ብሎኛል። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው እራትና ከረባት ነው። ግን እስካሁን ካሉት አንጋፋ የሚባለው፣ በአሜሪካ የዊሊያምስ ኮሌጅ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር፣ እ.ኤ.አ. በ1821 የተመሠረተው ለእራት አልነበረም። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ተማሪዎች አስከትሎ ወጥቶ ወደ አዲሱ አምኸርስት ኮሌጅ ሲሄድ፣ የቀድሞዎቹ የተማርንበት ቤት ሊዘጋ ነው ብለው ደንግጠው ነው የተሰበሰቡት። ድንጋጤ ነበር መነሻው። የእኔም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ስምንት ሰው በአንድ ኦስሲሎስኮፕ።

ቅዳሜ 9፦ 32ቱ ስላይዶች

ዛሬ ብዙ አልጠገንንም። አንድ ጄኔሬተር ነፍስ ዘራ፤ ቁልፎቹ ሲዞሩ የሚንጫጩት ውስጣቸው ቆሽሾ ነበር፣ በኮንታክት ማጽጃ ረጭተን ሃያ ጊዜ ወዲህ ወዲያ ስናዞረው ተስተካከለ። የድሮዎቹን ባለ ቱቦ ኦስሲሎስኮፖች የከፍተኛ ቮልቴጅ ክፍላቸውን ላለመንካት ወሰንን። ካርል ፈርዲናንድ ብራውን የካቶድ ጨረር ቱቦውን ከሠራ ከ1897 ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ቱቦው ሺዎች ቮልት መፈለጉ ግን አልተለወጠም። ጠፍቶም ሊይዝ ይችላል። ተማሪ ይዤ እዚያ አልገባም። ሁለቱ እንደተዘጉ ይቀራሉ።

ብሎን እየፈታን ሳለ አንዱ «ጋሼ፣ እርስዎ ሥራ እንዴት አገኙ?» አለኝ። ስላይዱ ላይ ለዚህ ገጽ 4 ነበረኝ፤ ከምረቃ ወደ ሥራ የሚወጣ ቀስት። እጄ ብሎን ላይ ስለነበረ ይሆን እንጃ፣ እውነቱን ነገርኩት። ከመጀመሪያ ሥራዬ በስድስተኛው ወር ተሰናብቻለሁ። ለአንድ ዓመት ለቤተሰቤ ሥራ ላይ ነኝ እያልኩ ጠዋት ወጥቼ ላይብረሪ እቀመጥ ነበር። ይህን ለባለቤቴ ካልሆነ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ካቻቢቴው ሁሉ ቆመ። ከዚያ ጥያቄው ዘነበ። ቃለ መጠይቅ ላይ አላውቅም ማለት ይቻላል? ውጤት ዝቅ ካለ ሲቪ ላይ ይጻፋል? ሦስት ሰዓት አወራን።

ስላይዱን እስካሁን ማንም አላየውም።

ቅዳሜ 10፦ ሒሳብ

ቴስተር ከ22 19። ኦስሲሎስኮፕ ከ9 7። ፓወር ሰፕላይ ከ14 9። ጄኔሬተር ከ3 1። ድምር 36 ተነሥቷል። ቀሪው 12 መለዋወጫ ይሆናል፤ የሚወጣው ወጥቶ ቀፎው በደብዳቤ ይወገዳል። ላቡ ውስጥ አሁን በአንድ ኦስሲሎስኮፕ ሦስት ተማሪ ነው።

ቁጥሩን ለግሩፑ ላክሁ። ጭብጨባ። ትልቁ ጋሼ ግን ቁጥሩን ሲያዩ የጠየቁኝ ሌላ ነው። «አንተ ስትሄድ የሚቀጥለው የተቃጠለ ፊውዝ የማን ነው?»

መልሱን ያመጣችው መዝጋቢያችን ናት። ደብተሯን በንጹሕ ገልብጣዋለች፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ገጽ። ምን ሆኖ ነበር፣ ምን ተደረገ፣ ማን ሠራው። «ይወገድ» የሚለውን ወረቀት የሚተካ ካርድም ሠርታለች፤ የሚጥለው ሰው አራት ነገር ሳይሞላ አይጥልም። ይበራል? ፊውዙ ታይቷል? ቁልፎቹ ሁሉ ቦታቸው ላይ ናቸው? ሲበላሽ ምን እየተሠራ ነበር? ደብተሩ ላይ የለጠፈችው ፎይልም አለ። ትልቁ ጋሼ ካርዱን አገላብጠው አዩና መሳቢያቸው ውስጥ ሳይሆን ላቡ በር ላይ ሰቀሉት።

ሁለተኛ ዓመቶች አምስት መጥተዋል። ለእነሱ የማይካውን ነገር የነገራቸው ያ «እኔ ባቃጥል አልመለስም ነበር» ያለው ልጅ ነው። በኔ ፊት ነው የተናገረው፣ ከነ ጭሱ፣ ትንሽ ጨምሮበትም። ተውኩት።

ቅዳሜ 11

አርፍጄ ደረስኩ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ። በሩ ክፍት ነው፣ ማንም አልጠበቀኝም። ጠረጴዛው ላይ ከቀሩት 12ቱ አንዱ ጄኔሬተር ተከፍቷል፤ ስዊቺንግ ሰፕላይ ያለው፣ እኔ «ይቅርብን» ያልኩት። ሁለተኛ ዓመቶቹ ከበዋል። መዝጋቢያችን ንድፉን ዘርግታ ታስረዳለች። ትልቁ ጋሼ ጥግ ላይ ተቀምጠው የድሮ ፕሮብ ያጸዳሉ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከዋናው ካፓሲተር አጠገብ አንድ ሬዚስተር ጠቁሯል፤ ወዲያው ታየኝ። «ይቺን አያችኋት?» ብዬ ጣቴን ሰደድኩ።

«ቁጥሩስ?» አለች መዝጋቢያችን።

እጄ አየር ላይ ቀረ። የጠቆረው ማፍሰሻው ሬዚስተር ነው። አንዱ ሁለተኛ ዓመት ቴስተሩን አስጠጋ፣ ገመዶቹን አስነካ፣ ቀና ሳይል ጮኸ፦

«መቶ ሰማንያ ሰባት!»

እጄን ኪሴ ከተትኩ። እሷ ደብተሯን ገለጠች፣ ሰዓቷን አየች፣ መጻፍ ጀመረች።